አንድ የመኝታ ከረጢትና 43 ዓመት

በ1974 የቻይና መንግሥት የዓለምን ትልቁን ተራራ ኤቨረስትን በቲቤት በኩል የሚወጣ ቡድን ለማቋቋም ወጣቶችን ይመለምል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሺያ ቦዩ ያን ጊዜ የ25 ዓመት የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። የእግር ኳስ ፍቅር እንጂ የተራራ ሐሳብ አልነበረውም። የተመዘገበውም፣ ኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ ለተመዝጋቢዎች ነጻ የጤና ምርመራ አለ ሲባል ሰምቶ ነው። ተመረመረ፣ ተመረጠ፣ ወደ ልምምድ ተላከ። ብርድ የማይበግረው መሆኑን ያዩ ባልደረቦቹ «የእሳት አምላክ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት።

ራስ ደጀንን የወጣ ሰው ስለ ከፍታ ጥቂት ያውቃል። 4,550 ሜትር ላይ ትንፋሽ ያጥራል፣ ራስ ይከብዳል፣ አሥር እርምጃ ተራምዶ መቆም ይመጣል። ኤቨረስት ላይ ግን ተራራ ወጪው ጓዙን አራግፎ ጉዞውን የሚጀምርበት ሰፈር ራሱ ከራስ ደጀን አናት ይበልጣል። ከ8,000 ሜትር በላይ ደግሞ አየሩ በጣም ስስ ስለሆነ ሰውነት አርፎም፣ ተኝቶም፣ በልቶም እየተዳከመ ይሄዳል። ኦክስጅን ሲያጥረውና ብርዱ ሲጸናበት ሙቀቱን ለልብና ለአንጎል ያስቀርና ጣቶችን፣ እጅንና እግርን ይተዋቸዋል። ውርጭ የሚበላው እነሱን ነው።

የሺያ ቡድን በሜይ 1975 መጀመሪያ ወደ ላይ ተነሣ። ከ8,000 ሜትር በላይ ሲደርሱ ማዕበል ያዛቸው። ነፋሱ ወደፊትም ወደኋላም አላስኬድ አለ። ምግቡና ኦክስጅኑ እየተመናመነ በድንኳናቸው ውስጥ ታግተው ቆዩና ጫፉን ሳይረግጡ ለመመለስ ተገደዱ። ሲወርዱ 7,600 ሜትር ገደማ ላይ ለማደር ቆሙ። ከመካከላቸው አንድ ቲቤታዊ ጓዙ በመንገድ ጠፍቶበት የመኝታ ከረጢት አልነበረውም። በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ሌሊት፣ ያለ መኝታ ከረጢት ማደር ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃሉ። ሺያ የራሱን ከረጢት አውጥቶ ሰጠው። እሱ ብርድ አይነካውም፣ «የእሳት አምላክ» ነው። የለበሰውን እንደለበሰ ተኛ።

ታችኛው ሰፈር ደርሶ ጫማውን ሲያወልቁለት እግሮቹ በድን ሆነው ነበር። መንካቱንም መቆንጠጡንም አያውቁም። ቀለማቸው እየተለወጠ ሄደ፣ ጠቆሩ። ሐኪሞች ብዙ ከታገሉ በኋላ ሁለቱንም እግሮቹን ቆረጡ። ሜይ 27 ቀን የቡድኑ ዘጠኝ አባላት ጫፉ ላይ ቆሙ። አንዷ ፓንቶግ የተባለችው ቲቤታዊት ናት፤ በሰሜን በኩል ኤቨረስትን የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ጫፉ ላይ የተከሉት የብረት ምልክት ተለክቶ የተራራው ከፍታ 8,848.13 ሜትር ተባለ፤ ይህ ቁጥር ለብዙ ዓመታት በቻይና መማሪያ መጻሕፍት ታትሟል። ሺያ ይህ ሁሉ ሲሆን ለቀሪ ዘመኑ ራሱን የሚያዘጋጅ የ26 ዓመት በሽተኛ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚይዘኝ ያ የመኝታ ከረጢት ነው። ሺያ ከረጢቱን በመስጠቱ መጸጸቱን ሲናገር አልተሰማም። ከዚያ በኋላ እግራቸውን ተራራ ላይ ጥለው ወደ ተራራ በተመለሱት ሰዎች ሕይወት ውስጥ ሁሉ ያው ጥያቄ በሌላ መልክ ይመላለሳል፤ እዚያ ላይ አንዱ ሰው ለሌላው ምን ይሰጣል? ምንስ ይከለክላል?

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አንድ ጀርመናዊ የሰው ሠራሽ እግር ባለሙያ ሺያን አይቶ፣ ጥሩ እግር ከተሠራለት እንደ ማንኛውም ሰው መራመድ ብቻ ሳይሆን ተራራም መውጣት እንደሚችል ነገረው። ያን ቀን የሰማውን ሺያ አልረሳም። በዚያው ዘመን በእንግሊዝ ኖርማን ክራውቸር የተባለ ሰው ባለሙያው ያለውን በተግባር እያሳየ ነበር። ክራውቸር በ1960 በወጣትነቱ ባቡር ሁለቱን እግሮቹን ከጉልበት በታች ቆርጦበታል። በ1969 ብሪታንያን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሰው ሠራሽ እግሮቹ በእግሩ አቋረጠ፤ ቀጥሎም በአልፕስ ላይ ሞንት ብላንክን፣ አይገርንና ማተርሆርንን ወጣ። ብዙ አልተዘመረለትም። መንገዱን የጠረገው ግን እሱ ነው።

ከዚያ 1982 መጣ፤ በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ በሁለት የዓለም ዳርቻዎች ሁለት ተመሳሳይ አደጋዎች ደረሱ።

የመጀመሪያው በአሜሪካ፣ በኒው ሃምፕሻየር ግዛት በሚገኘው ማውንት ዋሽንግተን ላይ ነው። ተራራው 1,917 ሜትር ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ እንኳ ያንሳል። የአየሩ ክፋት ግን በዓለም የታወቀ ነው። በጃንዋሪ ወር የ17 ዓመቱ ሂዩ ኸርና ጓደኛው ጄፍ ባትዘር የበረዶ ግድግዳ ወጥተው ሲጨርሱ አውሎ ነፋስ ያዛቸው። ምንም በማይታይበት ነጭ ውስጥ አቅጣጫቸውን ስተው ግሬት ገልፍ ወደሚባለው ሸለቆ ወረዱ። ከዜሮ በታች ወደ 29 ዲግሪ በሚወርድ ብርድ ሦስት ሌሊት አደሩ። ሊፈልጓቸው ከወጡት በጎ ፈቃደኞች መካከል የ28 ዓመቱ አልበርት ዳው ነበር። የበረዶ ናዳ ወረደበትና ሞተ። ልጆቹ ተገኙ። የኸር ሁለት እግሮች ከጉልበት በታች ተቆረጡ።

ኸር ገና ልጅ እያለ ከአገሪቱ ምርጥ ገደል ወጪዎች አንዱ ነበር። ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጡት እግሮች ለመራመድ እንጂ ለገደል የተሠሩ አልነበሩም። ስለዚህ ራሱ ወደ ሥራ ቤት ገባ። የሰው እግር የማይገባበት ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ የሚገባ ስስ እግር ሠራ። የሳንቲም ስፋት ባላት ጠርዝ ላይ የሚቆም ሌላ እግር ሠራ። ለበረዶ ደግሞ ሹል ብረት ያለው። ቁመቱንም እንደ ገደሉ ያስረዝማል ያሳጥራል። በዓመት ውስጥ ከአደጋው በፊት ያልቻላቸውን ገደሎች መውጣት ጀመረ። ከዚያ ትምህርት ያልወደደው ልጅ ፊዚክስ ተማረ፣ በኤምአይቲ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ፣ በሃርቫርድ ባዮፊዚክስ አጥንቶ ዶክትሬቱን ያዘ፤ ዛሬ በኤምአይቲ የሰው ሠራሽ እግር ምርምር የሚመራ ፕሮፌሰር ነው። በሞተር የሚረዳ ቁርጭምጭሚት ከዚያ ቤተ ሙከራ ወጥቶ ለብዙ የጦር ጉዳተኞች ደርሷል። ስለ ሥራው ሲጠየቅ የአልበርት ዳውን ስም ያነሣል። በኸር ምክንያት ሰው ሞቷልና የተረፈለትን ዕድሜ ለሰው በሚጠቅም ነገር ላይ ማዋል አለበት። ዕዳውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ በልፋቱም እየከፈለ ነው።

ሁለተኛው አደጋ በኖቬምበር በኒው ዚላንድ ደረሰ። ማርክ ኢንግሊስ በማውንት ኩክ ብሔራዊ ፓርክ የነፍስ አድን ሠራተኛ ነበር፤ ሥራው ተራራ ላይ የጠፉትን ፈልጎ ማውረድ ነው። ከባልደረባው ከፊል ዱል ጋር 3,724 ሜትር የሆነውን ማውንት ኩክን ሊወጡ ሄዱ። ጫፉ አጠገብ ማዕበል ደረሰባቸው። በበረዶው ውስጥ በተፈጥሮ የተሰነጠቀ ጉድጓድ አግኝተው ገቡ። ያን ስንጥቅ ተራራ ወጪዎች «ሚድል ፒክ ሆቴል» ይሉታል። ጥቂት ብስኩትና ትንሽ ቆርቆሮ ምግብ ነበራቸው። አንድ ሌሊት እናድራለን ብለው ገብተው 13 ቀን ቆዩ።

ከታች ያሉት ባልደረቦቻቸው ዝም አላሉም። ነፋሱ ረገብ ባለባት ትንሽ ሰዓት ሄሊኮፕተር ቀርቦ ምግብና ልብስ ጣለላቸው። በዚያ ፍለጋ አንድ የጦር ኃይል ሄሊኮፕተር በረዶው ላይ ተከሰከሰ፤ ደግነቱ ሰው አልሞተም። በመጨረሻ ሰማዩ ሲገለጥ ሁለቱን አንድ በአንድ አንጠልጥለው አወረዷቸው። የደም ዝውውሩ እየጠፋ የሄደው የእግሮቻቸው ሥጋ ግን ሞቶ ነበር። በገና ዋዜማ የኢንግሊስ ሁለት እግሮች ከጉልበት በታች ተቆረጡ። ዱልም ሁለቱንም እግሮቹን አጣ። ኢንግሊስ ያን ጊዜ 23 ዓመቱ ነው። ሥራው ነፍስ ማዳን የነበረ ሰው የዳነው በሌሎች ነፍስ አዳኞች ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ በሰው ሠራሽ እግር ተራራ መውጣት ምን እንደሆነ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ይህን ሳያውቁ የሚቀጥለውን ታሪክ ማድነቅ ይቻላል፣ መረዳት ግን አይቻልም። ጉልበት ካለ፣ መውጣት ይቻላል። የሚጎድለው ቁርጭምጭሚቱና ባቱ ነው። ሁላችንም ዳገት ስንወጣ ቁርጭምጭሚታችን ሳናዝዘው ይታጠፋል፣ ተረከዛችን መሬቱን ይፈልጋል፣ ባታችን ሰውነታችንን ወደ ላይ ይገፋል። ሰው ሠራሹ እግር ይህን ሁሉ አያደርግም። ገፊው ጭን ነው፣ ሚዛን ጠባቂው ወገብ ነው። እግሩ የረገጠውን አያውቅም። ሺያ ኋላ ላይ በኔፓል በኩል ሲወጣ ገደል በሚያህል የበረዶ ስንጥቅ ላይ በተጋደመ የአሉሚኒየም መሰላል ማለፍ ነበረበት። ጤነኛ ሰው ክራምፖን የሚባለውን የብረት ጥርስ በመሰላሉ ዘንግ ላይ ሲያሳርፍ በጫማው ውስጥ ይሰማዋል። እሱ የሚያውቀው በዓይኑ አይቶና የብረቱን ድምፅ ሰምቶ ነው። ዓይኑን ካነሣ ሁለት ሺሕ ጊዜ የረገጠው ዘንግ እንኳ የት እንዳለ አያውቅም።

ከሁሉ የሚከፋው የቀረው የእግር ጉማጅ ነው። ጉማጁ እግሩ የሚታሰርበት ጎድጓዳ ክፍል ውስጥ ገብቶ የሰውነት ክብደት በሙሉ ያርፍበታል። ከፍታ ላይ ያብጣል፣ ሲደክም ይከሳል፤ ትናንት ልክ የነበረው ዛሬ ይጠብቃል ወይም ይላላል። ያልባል፤ ላቡ ቆዳውን ያርሰዋል፣ የራሰ ቆዳ ይላጣል፣ የተላጠው ይቆስላል። በሜዳ ቢሆን እግሩን አውልቆ ማረፍ ነው። 8,000 ሜትር ላይ ማውለቅ ማለት ጉማጁን ለውርጭ መስጠት ነው። በአንድ ነገር ግን ሌላው ተራራ ወጪ ይቀናባቸዋል፤ የእግራቸው ጣት አይቀዘቅዝም።

ወደ ሺያ ልመለስ። በ1996 በሊምፍ ካንሰር ታመመ፤ እግሮቹ እንደገና ተቆረጡ፣ በዚህ ጊዜ ከጉልበቱ ሥር። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ቢያቆምም ማንም አይፈርድበትም። እሱ ግን ገና ጎሕ ሳይቀድ እየተነሣ፣ በእግሮቹ ላይ የአሸዋ ከረጢት አስሮ ቁጭ ብድግ ይሠራ ነበር። ቤጂንግ አጠገብ ያለውን የሺያንግሻን ኮረብታ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ጉማጁ ሲቆስል ያቆማል፣ ሲድን ይቀጥላል። ያ ጀርመናዊ የተናገረው ነገር ከሃያ ዓመት በኋላም ከልቡ አልወጣም ነበር።

ኢንግሊስ በዚህ መሐል ሌላ ሰው ሆኗል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ባዮኬሚስትሪ ተማረ፣ በደም ካንሰር ምርምር ሠራ፣ ቀጥሎ ወይን ጠማቂ ሆነ። በ2000 በሲድኒ ፓራሊምፒክ በብስክሌት ውድድር ብር አገኘ። በጃንዋሪ 2002 ወደ ማውንት ኩክ ተመለሰና እግሮቹን የወሰደውን ተራራ ወጣ። በ2004 ከዓለም ስድስተኛ የሆነውን ቾ ኦዩን ወጣ፤ እዚያ ከእሱ በፊት ሁለት እግር ሳይኖረው የደረሰው ያ እንግሊዛዊ ክራውቸር ነበር። ቀጣዩ ኤቨረስት ሆነ።

በ2006 በሰሜን በኩል፣ ሺያ በ1975 በሞከረበት ወገን ሄደ። 6,400 ሜትር ገደማ ላይ ገመዱ የታሰረበት ነቀለና ወደቀ፤ አንዱ የካርቦን ፋይበር እግሩ ለሁለት ተሰበረ። ሰው እግሩ ሲሰበር ይመለሳል። ኢንግሊስ የተሰበረውን ገጥሞ በሚጣበቅ ፕላስተር ደጋግሞ ጠቀለለው፣ በዚያ እያነከሰ ቆየ፤ ከታችኛው ሰፈር መለዋወጫ እግር መጣለት። ሜይ 15 ቀን ጫፉ ላይ ቆመ። ሁለት እግር የሌለው ሰው ኤቨረስትን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። 46 ዓመቱ ነበር።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ከጫፉ በታች 8,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ መንገዱ ዳር ባለ የድንጋይ ጥላ ሥር፣ ዴቪድ ሻርፕ የተባለ የ34 ዓመት እንግሊዛዊ እየሞተ ነበር። ብቻውን የወጣ ሰው ነው። በዚያ ሌሊትና ቀን ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎች በአጠገቡ አልፈዋል፤ የኢንግሊስ ቡድንም ከእነሱ መካከል ነው። ከዚያው ቡድን አንድ ሊባኖሳዊና ሸርፓ የሚባሉት የኔፓል ተራራ ረዳቶች ሲመለሱ ኦክስጅን ሰጥተው ሊያነሡት ሞከሩ። መቆም አልቻለም። ሞተ። ኢንግሊስ ወደ አገሩ ሲመለስ ለጋዜጠኞች ሰውየውን እንዳዩት ተናገረ። ባዩት ጊዜ በመገናኛ ሬዲዮ ከሰፈር ጋር ማን ምን እንደተባባለ ኋላ የተለያየ ቃል ተሰጠ። በ1953 ኤቨረስትን መጀመሪያ የረገጡት ሰር ኤድመንድ ሂላሪ የአገራቸውን ልጅ ሳይቀር ወቀሱ፤ በእሳቸው ዘመን ሰው እየሞተ ጥሎ መሄድ የሚታሰብ አልነበረም አሉ።

ስለዚህ ነገር የራሴን ልበል። ከአርባው ሰው ሁሉ ሻርፕን ተሸክሞ ማውረድ የማይችል አንድ ሰው ቢኖር ኢንግሊስ ነበር። እሱ ራሱ ሲወርድ ውርጭ የጣቶቹን ጫፎች ወስዶ፣ ጉማጆቹ ቆስለው፣ በሰው እርዳታ ነው የወረደው። ወቀሳው በብዛት እሱ ላይ የወደቀው ስለታወቀና አፉን ከፍቶ ስለተናገረ ነው፤ ዝም ያሉት ስማቸው አልተነሣም። ያም ሆኖ የሂላሪ ቃል ከንቱ አይደለም። በ11ኛው ቀን፣ በዚያው ሸንተረር ላይ፣ ሞቷል ተብሎ የተተወው አውስትራሊያዊ ሊንከን ሆል በሕይወት ተገኘ። ወደ ጫፉ ሲገሰግሱ ያገኙት የአንድ ትንሽ ቡድን ሰዎች ነበሩ። ጉዟቸውን ትተው አጠገቡ ቆዩ፣ ሻይና ኦክስጅን ሰጡት፣ ሸርፓዎች መጥተው አወረዱት። ሆል ተረፈ። እነዚያ ሰዎች በዚያ ዓመት ጫፉን አልረገጡም፤ በእኔ ሚዛን ግን ከዚያ ወቅት የሚበልጥ ሥራ የሠራ የለም።

በኤፕሪል 2010 አፍጋኒስታን ውስጥ ሃሪ ቡዳ ማጋር የተባለ፣ በብሪታንያ ሠራዊት ውስጥ ጉርካ ከሚባሉት ኔፓላውያን ወታደሮች አንዱ ፈንጂ ረገጠ። ሃሪ የተወለደው በምዕራብ ኔፓል፣ ሮልፓ በተባለ ተራራማ አገር ነው። በልጅነቱ ባዶ እግሩን ዳገት ወጥቶ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር፤ እንደ አካባቢው ልማድ በ11 ዓመቱ ተድሯል፤ በ19 ዓመቱ ወታደር ሆነ። ፈንጂው ሁለቱንም እግሮቹን ከጉልበት በላይ ወሰደ። በቀጣዮቹ ዓመታት መጠጥ ውስጥ ገባ፤ ራሱን ሊያጠፋ እንደሞከረ ኋላ በአደባባይ ተናግሯል። ሲሻለው ወደ ልጅነቱ ተራሮች ማየት ጀመረ።

ሺያ ደግሞ 60ዎቹን አጋምሶ በ2014 ወደ ኤቨረስት ሄደ፤ በዚህ ጊዜ በኔፓል በኩል። ኤፕሪል 18 ቀን የኩምቡ የበረዶ ግግር ላይ ናዳ ወርዶ 16 ኔፓላውያን ረዳቶችን ገደለ። የሞቱት ለሌላው ገመድና ምግብ ተሸክመው የሚወጡ ሰዎች ናቸው። ባልደረቦቻቸው ከዚህ በኋላ አንወጣም አሉ፤ የዚያ ዓመት ጉዞ ተዘጋ። በ2015 ተመለሰ። ኤፕሪል 25 ቀን መጠኑ 7.8 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ኔፓልን አናወጠ፤ ወደ 9,000 የሚጠጋ ሕዝብ አለቀ። ሺያ በነበረበት የተራራው ሥር ሰፈር ላይ ናዳ ወርዶ ወደ 20 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። እሱ ተረፈ።

በ2016 ከሁሉ በላይ ቀረበ። ጫፉ በዓይን ይታይ ነበር። ከዚያ ነፋሱ ተነሣ፤ በረዶው እየተገረፈ የሚሄዱበትን መንገድ ሸፈነ። ሺያ ዘወር ብሎ አብረውት ያሉትን ሸርፓዎች አየ። ወጣቶች ናቸው። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይሞክረው እንደነበር፣ ነገር ግን በእሱ ምኞት የእነዚያን ልጆች ሕይወት አደጋ ላይ መጣል እንዳልቻለ ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ተናግሯል። 41 ዓመት የጠበቀው ነገር እፊቱ ቆሞ ሳለ «እንውረድ» አለ። ወደ ቤጂንግ ሲመለስ እግሮቹ ላይ ደም ረግቶ ሆስፒታል ገባ፤ ሐኪሞቹ ተራራ ይቅርብህ አሉት።

በዲሴምበር 2017 ሌላ ግድግዳ ተነሣ። የኔፓል መንግሥት የሞት አደጋን ለመቀነስ ብሎ አዲስ ደንብ አወጣ፤ ብቻቸውን የሚወጡ፣ ዓይነ ስውራን፣ ሁለት እግር የሌላቸው ሰዎች ኤቨረስትን እንዳይወጡ ከለከለ። ሃሪ በዚያው ዓመት 6,476 ሜትር የሆነውን ሜራ ፒክን ወጥቶ፣ በ2018 ለኤቨረስት ይዘጋጅ ነበር። የገዛ አገሩ በሩን ዘጋበት። ድምፁን አሰማ፤ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትም ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። እስከዚያ ድረስ ኤቨረስት ላይ የሞቱት አብዛኞቹ ሁለት እግርና ሁለት ዓይን የነበራቸው ናቸው፤ የሚያስፈልገው ማን ብቃት እንዳለው መመዘን ነው፣ ሰውን በአካሉ ቀድሞ መዝጋት አይደለም። በማርች 2018 ፍርድ ቤቱ ክልከላው እንዳይፈጸም አዘዘ።

ሺያ ጊዜ አላጠፋም። ዕድሜው 69 ደርሷል። ወደ ኔፓል መጣ፣ በኩምቡ መሰላሎች ላይ አለፈ፣ አራት የተራራ ሰፈሮችን አንድ በአንድ ተሻገረ። ሜይ 14 ቀን 2018 ጠዋት ጫፉ ላይ ደረሰ። የመኝታ ከረጢቱን ከሰጠበት ሌሊት 43 ዓመት ሆኖታል። ሁለት እግር ሳይኖረው ኤቨረስትን የወጣ ሁለተኛው ሰው ነው፤ በኔፓል በኩል ደግሞ የመጀመሪያው። በቀጣዩ ዓመት በሞናኮ የሎሬየስ የስፖርት ሽልማት ተሰጠው።

ለሃሪ ክልከላው ሲነሣ ጊዜ አልፎ ነበር፤ ቀጥሎ ኮሮና መጣና ሁሉም ነገር ተዘጋ። ከመዘጋቱ በፊት ግን በ2020 መጀመሪያ ኪሊማንጃሮን ወጥቶ ነበር። ከጉልበት በላይ የተቆረጠ ሰው ጉዞ ከኢንግሊስና ከሺያ ጉዞ ይከብዳል። ጉልበት የለውማ። ዳገት ላይ እግሩን አጥፎ ሊያነሣ አይችልም፤ ከወገቡ ወደ ጎን እያዞረ ይወረውረዋል፣ ለእያንዳንዱ እርምጃም ከሌላው ሰው የበለጠ ኃይል ያወጣል። ስለዚህ ለተራራው አጫጭር እግሮች አሠራ፤ ወደ መሬት በቀረበ ቁጥር ሚዛኑን ይጠብቃል። በጣም ቀጥ ያለው ላይ በእጆቹም ይሳባል።

ኤፕሪል 17 ቀን 2023፣ ፈንጂውን በረገጠ በ13 ዓመቱ፣ ጉዞውን ጀመረ። ቡድኑን የመራው ክሪሽ ታፓ ነው፤ እሱም ቀድሞ ጉርካ ወታደር ነበር። የተራራው ሥር ላይ አየሩ እስኪሻል ለቀናት ጠበቁ። ሜይ 19 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በተራራ ወጪዎች ልማድ በጣም ዘግይቶ፣ ጫፉ ላይ ደረሱ። ልብሳቸው ደርቆ እንደ ጣውላ ሆኗል፤ በቴርሞስ የያዙት ፍል ውኃ እንኳ በረዶ ሆኖ ነበር። ከጉልበት በላይ ሁለት እግር የሌለው ሰው ኤቨረስትን ሲረግጥ ሃሪ የመጀመሪያው ነው።

መውረዱ ከመውጣቱ ባሰ። ኦክስጅን እያነሰ፣ ጨለማ እየመጣ፣ ቁልቁል ላይ የማይታጠፍ እግር ምንም አያግዝም። ብዙውን መንገድ በመቀመጫው እየተንሸራተተ ወረደ፤ ሸርፓዎቹ በገመድ ከፊትና ከኋላ እየያዙት። ካትማንዱ ሲደርስ ሕዝቡ በአበባ ጉንጉን ተቀበለው። በ2024 የሰሜን አሜሪካን ትልቁን ተራራ ዴናሊን፣ በ2025 መጀመሪያ የደቡብ አሜሪካውን አኮንካጓን ወጣ።